እትዬ ቀስና የናና ሜዳ ወራጆች

እትዬ ቀስ መቼ ነው የምትተኛው? ይህን የጠየቀችው የሹፌሩ ሚስት ናት፤ ሹፌሩም ማንኪያውን አፉ አጠገብ እንዳደረሰ ቀረ። ከእትዬ ቀስ ጋር አንድ አውቶቡስ ላይ ሲሠራ ዓመታት አልፈዋል። ዝናብ ሊመጣ ሲል የትኛው ጉልበቷ እንደሚያማት ያውቃል። ሻይ ስትጠጣ ስኳሩን እንደማታማስለው ያውቃል። ስትናደድ ድምጿ ከፍ በማለት ፈንታ ዝቅ እንደሚል፣ ያን ጊዜም ከአጠገቧ ዞር ማለት እንደሚሻል ያውቃል። መቼ እንደምትተኛ ግን አያውቅም።

«ጎህ ሳይቀድ ዴፖ ትገባለች ትለኛለህ» አለች ሚስቱ። «ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ናት ትለኛለህ። ሌሊት የአልጋ ቁራኛ እናቷን ስታገላብጥ ታድራለች ትለኛለህ። ታዲያ ይቺ ሴት ሰው አይደለችም እንዴ?»

«እሷን ጠይቂያት።»

«አብረሃት የምትውለው አንተ ነህ።»

«እኔ የምውለው ከመሪው ጋር ነው» አለና ወደ ሳህኑ ተመለሰ። ጥያቄው ግን አልተወውም፤ አብሮት አልጋ ገባ።

በማግስቱ እሷኑ ጠየቃት። ዴፖው ውስጥ፣ አውቶቡስ በሚታጠብበት ቧንቧ አጠገብ፣ ቁጢጥ ብላ ቅጠል እየቀጠፈች ነበር። «እትዬ፣ መቼ ነው የምትተኚው?» ቢላት ቀና ብላም አላየችው። «የሌላው ሰው እንቅልፍ ሲሟላ» አለችና ቅጠሏን በመሐረብ ጠቅልላ ኪሷ ከተተች።

እትዬ ቀስ ቲኬት ቆራጭ ናት። ቅጽል ስሙን ያወጡላት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኞች ናቸው። የጠዋቱ የመጀመሪያ አውቶቡስ ፋብሪካው በር ላይ ቆሞ የሌሊት ፈረቃውን ሲጭን፣ እሷ የኋላው በር ደረጃ ላይ ትቆማለች። ደረጃውን በጫማው ለሚረግጠው «ቀስ!» ትላለች። ምሳ ዕቃውን ለሚያንኳኳው «ቀስ!»። ሹፌሩ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ ሲይዝ ደግሞ አፏን ሳትከፍት በመስታወቱ ውስጥ አፍጥጣ «ቀስ!» ትለዋለች። ያ አውቶቡስ በዚያ ሰዓት መኝታ ቤት ነውና። ሌሊቱን ሙሉ የማሽን ጩኸት ሲወቅጣቸው ያደሩ ሰዎች ወንበር እንደነኩ አንገታቸው ይሰበራል። አንዱ መስኮቱን ተደግፎ፣ አንዷ የጎረቤቷን ትከሻ ትራስ አድርጋ፣ አንዱ የፊተኛውን ወንበር ብረት እንደ ሚስት አቅፎ ይተኛል። ፀጉራቸው ላይ የጥጥ ብናኝ አለ፤ ሁሉም ያለ ዕድሜያቸው የሸበቱ ይመስላሉ። ሹፌሩ አንዳንዴ በመስታወቱ ሲያያቸው፣ ይህን ሁሉ እንቅልፍ እኔ ነኝ የተሸከምኩት ብሎ ያስብና መሪውን እንደ እንቁላል ይይዘዋል።

መንገዱ ከፋብሪካው ተነስቶ በድልድይ፣ በእንጨት ተራና በአሮጌው ሆስፒታል አድርጎ ናና ሜዳ ይደርሳል። ከዚያ ቁልቁል ወደ መጨረሻው ፌርማታ፣ ወደ ዴፖው ይወርዳል። አብዛኛው ሰው ናና ሜዳ ወራጅ ነው።

ናና ሜዳ ናናም የለበት፣ ሜዳም የለበት። ፋብሪካው ለሠራተኞቹ ያሠራቸው ረድፍ ቤቶች ናቸው ያሉት፤ አንድ ዓይነት በር፣ አንድ ዓይነት መስኮት፣ ከበሩ ጀርባ ኮት መስቀያ ሚስማሩ ሳይቀር አንድ ቦታ። ስሙ የወጣው አካባቢው ረግረግ ሳለ ነው። በዚያ ረግረግ ዳር ማንም ያልተከለው፣ የዚያው አፈር የራሱ የሆነ የዱር ናና ይበቅል ነበር። ቅጠሉ ከገበያው ናና ያንሳል፤ ጠጉር አለው፤ ሐምራዊ አበባው አገዳውን እንደ ቀለበት ይከበዋል። ሽታው ደግሞ አፍንጫ ይሰነጥቃል። ረግረጉ ሲደርቅ ናናው ጠፋ፤ ስሙ ብቻ ቀረ። ዛሬ እዚያ ተወልደው ያደጉ ልጆች ሰፈራቸው በምን እንደተጠራ ቢጠየቁ ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። እትዬ ቀስ ግን የመጨረሻዋ ጥግ በገልባጭ መኪና አፈር ስትሞላ ደርሳ፣ አንድ ጭብጥ ሥር በላስቲክ ጠቅልላ ዴፖ ድረስ አመጣችና ከማጠቢያው ቧንቧ ሥር ቀበረችው። ቧንቧው ዓመቱን ሙሉ ያንጠባጥባል፤ ጠግኑት ቢባል የሚጠግነው የለም። ናናውም እንደ አባቱ ርስት ተንሰራፋ።

ያን ጊዜ የተከለችው ለምንም ብላ አልነበረም። አሳዘናት፣ አለቀ። ሥራ ያገኘለት የጋሼ ማግ ቡጢ ነው።

ጋሼ ማግ የናና ሜዳ ሽማግሌ፣ የፋብሪካው ሸማኔ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከማግና ከድር ጋር ስለኖሩ ነው እንዲህ የሚባሉት። ነቅተው ሳለ ዝንብ አይነኩም። በእንቅልፍ ልባቸው ሲነኳቸው ግን ሌላ ሰው ናቸው። እትዬ ቀስ መጀመሪያ ወራጆቿን ትከሻቸውን ነካ እያደረገች ነበር የምትቀሰቅሳቸው። አንድ ጠዋት እሳቸውን ነካ ስታደርግ ብንን ብለው የሰነዘሩት ቡጢ ከንፈሯን ሰነጠቀው። ዓይናቸውን ገልጠው ደሙን ሲያዩ ኮታቸውን ማውለቅ ጀመሩ።

«ማነው የመታሽ ልጄ? ንገሪኝ! የታለ?»

«እርስዎ ነዎት ጋሼ» አለች ከንፈሯን በመሐረብ ይዛ። «ይቀመጡ።»

በማግስቱ ከቧንቧው ሥር ጥቂት ቅጠል ቀጥፋ መጣች። አውቶቡሱ አሮጌውን ሆስፒታል ሲያልፍ ቅጠሉን በመዳፏ አሸችና መዳፏን በጋሼ ማግ አፍንጫ ሥር አሳለፈችው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ሳይገልጡ ፈገግ አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ገለጡት። «ደረስን?» አሉ በሹክሹክታ። የተመታ ሰው የለም።

ከዚያ በኋላ የናና ሜዳ ሰዎች ሁሉ በቅጠል መነሣት ጀመሩ። ከወንበር ወደ ወንበር መዳፏን እያሳለፈች ስትሄድ ሰው እንደ ሕፃን እየተንጠራራ ይነቃል። ዴፖ ድረስ የሚሄዱት ደግሞ ምንም ሳይሰሙ እንቅልፋቸውን ይቀጥላሉ። ቆይቶ ነገሩ እየሰመረ መጣና የፊተኛው ወንበር ላይ ቅጠሉ ሲታሽ የኋለኛው ወንበር ቀድሞ ይነሣ ጀመር። ሹፌሩ በመስታወቱ ሲያይ ገርሞት አያልቅም፤ አንድ ቃል ሳይነገር ያ ሁሉ ሰው ከተኛው መካከል ተመርጦ ይቆማል፣ ኮቱን ያስተካክላል፣ በጫማው ጫፍ ይወርዳል። አውቶቡስ እንዲህ ሲራገፍ በየትም አይቶ አያውቅም። ለሚስቱ ሊያስረዳት ሞክሮ አቅቶት ትቶታል።

ጉዱ የመጣው በአንድ ዝናባማ ጠዋት ነው።

እንጨት ተራ ሲደርሱ አንዲት ቅጠል ሻጭ እጇን ዘርግታ አስቆመች። ከዚያ በፊት በዚህ አውቶቡስ ሄዳ አታውቅም። አጠገቧ ሁለት ትልልቅ ጆንያ የገበያ ናና ቆሟል፤ ዝናቡ አርሶት ሽታው እንደ እንፋሎት ይወጣል። ጆንያው በፊተኛው በር አልገባ አለ። እትዬ ቀስ ወርዳ ከታች ስትገፋ፣ ቅጠል ሻጯ ከላይ ስትስብ፣ ሹፌሩም እንደ ልማዱ የኋላውን በር ለወራጅ ከፍቶ ጠበቀ። ጆንያው ከብዙ ትግል በኋላ ዘው አለ። በሩ ተዘጋ፤ አውቶቡሱ ተነሣ።

እትዬ ቀስ እጇን እያራገፈች ወደ ኋላ ዞረች። አብዛኞቹ ወንበሮች ባዶ ናቸው።

«ሰዎቼስ?» አለች።

«ወረዱ» አለ ሹፌሩ።

«የት ወረዱ?»

«እዚያው እንጨት ተራ። ሁሉም አንድ ላይ ብድግ ሲሉ ጊዜ ቀብር ያላቸው መስሎኝ።»

እትዬ ቀስ ጆንያዎቹን አየች፤ ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። የነቃ አፍንጫ የዱሩን ናና ከገበያው ይለያል። የተኛ አፍንጫ የት አባቱ ይለያል!

እንጨት ተራ ላይ የሆነውን በኋላ እየተቀባበሉ አወሩት። ብዙዎቹን ዝናቡ ቀሰቀሳቸው። ነጋሪት የሚሏት ፈታይ ነበረች፤ በሹክሹክታ ስታወራ እንኳ ሦስት ወንበር ድረስ ስለምትሰማ ነው ስሟ። መንገዱ መሐል ቆማ «ሰፈራችንን ማን ወሰደው?» ብላ ስትጮህ ሰው ከየቤቱ ወጣ። ጋሼ ማግ ግን አልነቁም። ከእንጨት ተራው በስተጀርባ ያሉትን ረድፍ ቤቶችም ያሠራው ያው ፋብሪካ ነው። ሽማግሌው እግራቸው እንደሚያውቀው ሁለተኛውን መታጠፊያ ታጥፈው፣ ሦስተኛውን በር ገፍተው ገቡ።

የቤቱ ባለቤት ረፋዱ ላይ እያለከለከች ዴፖ መጣች። የዴፖው ተቆጣጣሪ እትዬ ቀስን፣ ሹፌሩንና ጋሼ ማግን ቢሮው አስጠራቸው።

«የትም አልሄድኩም!» አለች ሴትየዋ። «ልብሱን ከዝናብ ላነሣ ጓሮ ዞርኩ፤ ስመለስ አልጋዬ ላይ ሽማግሌ! ኮታቸውን ሰቅለው! ጫማቸውን አልጋው ሥር ጎን ለጎን አድርገው!»

«ምን አሉዎት?» አለ ተቆጣጣሪው።

«ያንኮራፋሉ እንጂ ምን ይላሉ! ስጮህ ነቁና ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹አንቺ ማነሽ፣ ቤቴ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?›»

ጋሼ ማግ ኮፍያቸውን በእጃቸው እያዞሩ «ሚስማሩ እኮ በቦታው ነበር» አሉ።

ተቆጣጣሪው ከንፈሩን ነክሶ መስኮቱን አየ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም ዘመኑን ሙሉ የነዳ ሹፌር ነበር። ሥርዓት ግን ይወዳል። ሴትየዋን አረጋግቶ ከሸኘ በኋላ ወደ እትዬ ቀስ ዞረ።

«በቅጠል ነው የሚቀሰቅሷቸው?»

«አዎ።»

«ፌርማታ የሚጠራው በአፍ ነው፤ በአፍንጫ አይደለም።»

«ቢጠራስ ምን ይሆናል?»

«ወራጁ ይነቃል።»

«ሁሉም ይነቃል» አለች እትዬ ቀስ።

ተቆጣጣሪው ይህን አልፎት ሄደ። ውሳኔው ተዘጋጅቶ ነበር። ለአውቶቡሱ ድምፅ ማጉያ ይገጠማል፤ ሹፌሩ ቁልፍ ሲጫን ማጉያው ፌርማታውን ይጠራል። አንድ ሳምንት ይሞከራል። ከሠራ የጠዋቱ መስመር ቲኬት ቆራጭ አያስፈልገውም፤ ቲኬቱ ፋብሪካው በር ላይ ይሸጣል፤ እሷም ወደ ዴፖው የቲኬት መስኮት ትዛወራለች። መስኮቱ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ወንበር አለው፤ ዝናብ የለውም። እስከዚያው ቅጠል የሚባል ነገር እንዳይታይ። «ቃልዎን ይስጡኝ» አላት።

«ሰጥቻለሁ» አለች።

ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር። ሹፌሩ አንገቱን ደፋ።

ሰኞ ጠዋት አውቶቡሱ ወደ ድልድይ ሲቃረብ ሹፌሩ ቁልፉን ተጫነው። «ቀጣይ ፌርማታ፣ ድልድይ!» አለ ማጉያው። ድምፁ የስምሪት ክፍሉ ጸሐፊ ነው፤ ሰውየው በአካል ሲያወራ ጆሮ ካላስጠጉት አይሰማም፤ ማጉያው ውስጥ ገብቶ ግን በሬ አከለ። የተኛው ሁሉ እንደተተኮሰበት ብድግ አለ። ጋሼ ማግ የሰነዘሩት ቡጢ የጎረቤታቸውን ባርኔጣ አበረረው።

«ምነው! ቤቱ ተቃጠለበት እንዴ ሰውዬው?» አለች ነጋሪት። «አንተ ሹፌር፣ በእናትህ ዝም አስብለው!»

«ታዝዤ ነው» አለ ሹፌሩ።

እንደገና ተኙ፤ እንጨት ተራ ላይ እንደገና ዘለሉ። አሮጌው ሆስፒታል ላይ ግማሹ ብቻ ዘለለ። ናና ሜዳ ሲደርሱ «ቀጣይ ፌርማታ፣ ናና ሜዳ!» ቢል ማንም ንቅንቅ አላለም። ደጋግሞ የሚጮህባቸውን ነገር እንቅልፋቸው ለምዶት፣ ነጠላና ኮታቸውን ራሳቸው ላይ ስበው ጭልጥ አሉ። ሹፌሩ ቁልፉን ደገመው። በመስታወቱ እትዬ ቀስን አያት። ብረቱን ይዛ ቆማለች፤ ሌላው እጇ ባዶ ነው፤ ጨብጣዋለች። ቃሏን ሰጥታለችና ቅጠል አልያዘችም። በአቅራቢያዋ ያሉትን ትከሻቸውን እየነካች አወረደች። ከኋላ የቆሙት መኪኖች ክላክስ ሲያንባርቁ ጊዜ ሹፌሩ ተነሣ። የቀሩት ዴፖ ድረስ ሄደው፣ ዳገቱን በእግራቸው ተመለሱ።

ማክሰኞም እንደዚያው ሆነ። ሹፌሩ መስታወቱን ማየት ጠላ። የሚያባርራት ተቆጣጣሪው ነው ቢባልም፣ ቁልፉን የሚጫነው የእሱ ጣት ነው።

ረቡዕ ነጋሪት ዝም ብላ ገባች። የቀኝ እጅጌዋ እስከ ትከሻዋ ተቀዷል፤ ክንዷ በፋሻ ተጠቅልሏል። አጠገቧ የነበረችው ፈታይ ናት ነገሩን ያወራችው። ነጋሪት ማሽኑ ላይ ቆማ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋት ማሽኑ እጅጌዋን ይዞ ጎተታት፤ ጎረቤቷ ደርሳ ማሽኑን ባታጠፋው ኖሮ እጇ አይተርፍም ነበር። እትዬ ቀስ ቲኬቱን ሰጥታት ሒሳቡን ሳትቀበል አለፈች። ሹፌሩ አየው። በዚያ ሁሉ ዓመት እትዬ ቀስ ሒሳብ ስትረሳ አላየም።

ዴፖ ደርሰው ሁሉም ከወረደ በኋላ ወደ ፊት መጣችና ግራ እጇን መሪው ላይ ዘረጋችው። ጠቋሚዋና መሐል ጣቷ ከላይኛው አንጓ ላይ ያበቃሉ።

«በር የቀረጠፈኝ ነው የሚመስልህ፣ አይደል?»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ማሽን ነው። ከዚህ ሥራ በፊት እዚያው ፋብሪካ ፈታይ ነበርኩ። ቤቴ ሩቅ ነው፤ የመጨረሻ ወራጅ ነበርኩ። የዚያን ጊዜው ቲኬት ቆራጭ ፌርማታ ሲጠራ ሙት ይቀሰቅስ ነበር። እሱ በጮኸ ቁጥር እኔ እነቃለሁ። ቤት ስደርስ ደግሞ ውሃው፣ ልብሱ፣ እናቴ። እንቅልፌ ያቺው የአውቶቡሷ ነበረች። እሷን ነበር የሚወስድብኝ።» ጣቶቿን ሰበሰበች። «አንድ ሌሊት ዓይኔን ገልጬ ተኛሁ። ከዚያ ወዲህ መተኛት ትቼ ሌሎቹን ሳስተኛ እኖራለሁ።»

ሹፌሩ እጁን ከመሪው አነሣ።

«ና ተከተለኝ» አለችና የቢሮውን ደረጃ ወጣች።

ተቆጣጣሪው ሻይ እየጠጣ ነበር። እሷ አልተቀመጠችም።

«ነገ የሌሊት ተረኛ ነዎት፣ አይደል?»

«ነኝ።»

«ተረኝነትዎን ሲጨርሱ ከእኛ ጋር አንድ ዙር ይሂዱልኝ። ፋብሪካው በር ላይ ይሳፈሩ፣ ናና ሜዳ ይውረዱ። እኔ ቅጠል አልነካም፤ ማጉያው እንዳሻው ይጩህ። ከወረዱ መስኮቱ ላይ እሄዳለሁ፤ አንድ ቃል አይወጣኝም።»

«ካልወረድኩስ?»

«ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

ተቆጣጣሪው ሳቀ። «ሴትዮ፣ እኔ እኮ ሹፌር ነበርኩ። መሪ ላይ ተቀምጬ እንቅልፍ አሸንፎኝ አያውቅም።»

«መሪ ላይ አይደለም የሚቀመጡት።»

ወሬው ፋብሪካውን ሞላ። ዓርብ ጠዋት ተቆጣጣሪው ሌሊቱን ከሚበላሹ አውቶቡሶች ጋር ሲታገል አድሮ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ከረቫቱ ግን ተስተካክሎ ፋብሪካው በር ላይ ቆሞ ነበር። ጋሼ ማግ ቦታ ለቀቁለት። «እዚህ ይሻላል፤ ሙቀት አለው» አሉት በደግነት። ነጋሪት በተቻላት መጠን ድምጿን ቀንሳ «ሰውዬውን የሚነካው ሰው ከእኔ ጋር ነው ጠቡ» ብላ ለአውቶቡሱ ሁሉ አሳወቀች።

ሹፌሩ መሪውን እንደ እንቁላል ያዘው። ከዚህ ሰውዬ እንቅልፍ ጋር የእትዬ ቀስ ቦታ ታስሯል። ፍሬኑን አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጎ ቢይዝ ሰውዬው ይነቃል፤ ቁልፉን ጨርሶ ባይጫነው ደግሞ ማጉያው አይጮህም። ሁለቱንም አላደረገም። እንደ ሁልጊዜው ነዳ፤ ቁልፉንም በየቦታው ተጫነ።

ድልድይ ላይ ተቆጣጣሪው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነበር። ከድልድይ በኋላ አገጩ ደረቱን ነካ። «እንጨት ተራ!» ሲባል ብንን ብሎ «አለሁ! አለሁ!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቁን በመሐረቡ አፈነ። አሮጌው ሆስፒታል ሲጠራ ዓይኑንም አልገለጠ። «ይህን ሰውዬ ዝም አስብሉት እንጂ» ብሎ አጉረመረመ፤ ራሱ ያስገጠመውን ማጉያ። ነጋሪት በደህናው እጇ አፏን ያዘች።

«ቀጣይ ፌርማታ፣ ናና ሜዳ!»

ተቆጣጣሪው ኮሌታውን ወደ ላይ ሳበና ራሱን ጋሼ ማግ ትከሻ ላይ ጣለ። ሹፌሩ በሩን ከፈተ። ቁልፉን ደገመው። ተቆጣጣሪው ማንኮራፋት ጀመረ። የናና ሜዳ ሰዎች እንውረድ አንውረድ በሚል ዓይን እርስ በርስ ተያዩ። አንድም ሰው አልወረደም። ያን ጠዋት እንቅልፋቸውንም ሰፈራቸውንም ትተው፣ ሲነቃ ፊቱን ለማየት አብረውት ወደ ዴፖው ወረዱ።

ሞተሩ ሲጠፋ ነቃ። ጉንጩ ላይ የጋሼ ማግ ኮት ስፌት ታትሟል።

«ናና ሜዳ?» አለ።

«ቢሮዎ ነው» አለች ነጋሪት፤ ከዚያ በኋላ አውቶቡሱ ሊፈነዳ ደረሰ።

ተቆጣጣሪው ሳቁ እስኪበርድ ተቀምጦ ጠበቀ። ከረቫቱን አስተካከለ፤ መልሶ ፈታው። እትዬ ቀስን ቀና ብሎ አያት። አልሳቀችም። «ያ ቅጠል የት ነው ያለው?» አላት።

ወደ ማጠቢያው ቧንቧ ወሰደችው። ሹፌሩም ተከተለ። ተቆጣጣሪው አጎንብሶ አንድ ቅጠል ቀጥፎ አሸተተ። አፍንጫው እስከ ዓይኑ ድረስ ተከፈተ።

«ይህን እኮ አረም ነው እያልኩ በየጊዜው አሳጭደዋለሁ።»

«አውቃለሁ። ባሳጨዱት ቁጥር ወፍሮ ነው የሚመጣው።»

ተቆጣጣሪው ቅጠሉን በጣቶቹ መሐል አገላበጠው። «ያቺ ፈታይ፣ ክንዷን የታሰረችው» አለ በመጨረሻ፣ «ማጉያው ከገባ ወዲህ ነው?»

«ረቡዕ ለት ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እንደ አለቃ ተናገረ፤ ማጉያው ለቀኑ መስመር ይቆያል፤ በጠዋቱ አይከፈትም። እትዬ ቀስ ጡረታ እስክትወጣ የጠዋቱን መስመር ማንም አይነካባትም። ጆንያ ናና የሚጫነው ግን ከጣሪያው በላይ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ብቻ ነው። «የሰው አልጋ ላይ የሚተኛ ሽማግሌ ሁለተኛ እንዳላይ!» አለና ለመሄድ ዞረ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመልሶ መጣ። «ቃልዎን ጠብቀዋል። አመሰግናለሁ» አለ፤ ቅጠሉን ኪሱ ከቶ ደረጃውን ወጣ።

ሹፌሩ እልል ሊል ከጅሎት እትዬ ቀስን አየ። ደስታ አልታየባትም። እንዲያው አንድ ከባድ ነገር ከትከሻዋ ወርዶ፣ ትከሻዋ ምን እንደሚሠራ የጠፋው ይመስል ነበር። «በል እንሂድ» አለችው። «ሰዎቹ ቤታቸው ይግቡ።»

የሚቀጥለው ዙር ዳገቱን ወጥቶ በናና ሜዳ ነው የሚያልፈው። ወራጆቹ ከአውቶቡሱ አልወረዱም ነበር፤ ገና እየተሳሳቁ ነው። እትዬ ቀስ በኋላው በር ገብታ ቲኬት ልትቆርጥ እጇን ወደ ኪሷ ስትሰድ ጋሼ ማግ ከመስኮቱ ዳር ወንበራቸው ተነሥተው ቆሙ።

«ነይ እዚህ ተቀመጪ ልጄ።»

«ጋሼ፣ እኔ ቆሜ ነው የለመድኩት።»

«እኔስ መቀመጥ የሰለቸኝ አይመስልሽም? ተቀመጪ ብያለሁ!»

ተቀመጠች። ሹፌሩ በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ሲያያት የመጀመሪያው ነው። ሞተሩን አስነሣ፤ ማርሹን ድምፅ ሳያሰማ አስገባ፤ ቀስ ብሎ ተነሣ። የዴፖውን በር ሲወጡ መስኮቱን እያየች ነበር። ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ ግንባሯ መስታወቱን ነካ። ጣቶቿ ጭኗ ላይ ተከፈቱ።

ከኋላ ሳቁ ድንገት ተቋረጠ። አንድ ሰው ምሳ ዕቃው ከእጁ ሊያመልጠው ሲል ነጋሪት በደህናው እጇ ቀለበችውና፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሊሰማት በማይችል ድምፅ «ቀስ!» አለች።

ናና ሜዳ ሲደርሱ ሹፌሩ በሩን ከፈተ። አንድ በአንድ፣ በጫማቸው ጫፍ ወረዱ። ጋሼ ማግ መጨረሻ ቀሩ። ኮታቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉና ለሹፌሩ በጣታቸው ወደ ፊት አመለከቱት፤ ንዳ፣ አትቁም ማለታቸው ነው።

ሹፌሩ ሚስቱ ስትጠይቀው እንዳይጠፋበት ከመሪው በላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብሎ አየ። ከጠዋቱ ለሁለት ሰዓት አሥር ጉዳይ ነበር።